«መንጃ ፈቃድ በአንድ ወር» ለሚለው ጽሑፍ ከአሰልጣኝ ወንበር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ሰልጣኞቼ በየስልካቸው ይዘውት የሚመጡት አንድ ጽሑፍ አለ። «መንጃ ፈቃድ በአንድ ወር» ይላል። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ጭንቅላቱ የሚሠራ ሰው መኪና ለመልመድ ከአንድ ወር በላይ አያስፈልገውም፤ ለንደን ውስጥ በሳምንት ጨርሰው የሚወጡ አሉ። ቴዎሪው ሽምደዳ ነው። የኮንዶሚኒየም መንደሮች መንገድ ባዶ ስለሆነ ከዘመድ ጋር እየተለማመዱ የማሰልጠኛውን ሰዓት መዝለል ይቻላል። ፈተና የወደቀ ሰው ፈታኝ ጥሎት ነው፤ እንዲህ ከሆነ ከከተማ ወጣ ብሎ ቶሎ የሚሰጡበትን መፈለግ ነው። ሴቶች ስለሚዘገዩ ሁለት ሳምንት ይጨምሩ። ደግሞስ የኤሌክትሪክ መኪና በመጣበት ዘመን ፍሪሲዮን መልመድ ምን ያደርጋል? መዝጊያቸው ላይም ፈቃዱ እጅ በገባ ሳምንት ቤተሰብ ጭኖ አዳማ መውረድን ይመክራሉ።

እኔ በአያትና በለገጣፎ በኩል የተግባር አሰልጣኝ ነኝ። «ሰዓቱ ሲረዝም የሚጠቀመው እሱ ነው» የሚል ይኖራል፤ ይበል። ሰልጣኝ ቶሎ ቢለምድልኝ ግን ከእኔ በላይ የሚደሰት የለም። በእኔ በኩል ያለው ፍሬን ላይ እግሬን አንጠልጥዬ መዋል ይቀርልኛል።

ከወሩ እንጀምር። ጸሐፊው የቆጠሩት ቀን ነው፤ መቆጠር ያለበት ሰዓት ነበር። እሳቸው በሚሉት ወር ውስጥ የዓይን ምርመራው፣ ምዝገባው፣ የቴዎሪ ክፍሉ፣ የኮምፒውተር ፈተናው፣ የተግባር ፈተና ወረፋው ሁሉ አለ። ሰውየው መሪ የሚጨብጠው ከዚህ ሁሉ በተረፈው ጊዜ ነው። እሱንም ብቻውን አያገኘውም። አንዱ ሲነዳ ሌሎቹ ኋላ ወንበር ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። ነዳጅ የጠፋ ሰሞን ደግሞ «ለማጅ» የሚል የተለጠፈባት መኪናችን ማደያ በር ላይ ተሰልፋ ታረፍዳለች፤ ያ ቀን በጸሐፊው አቆጣጠር ከወሩ አንዱ ሆኖ ይገባል።

ለንደንን ያነሡት እሳቸው ናቸውና እዚያው እንሂድ። በእንግሊዝ የመንጃ ፈቃድ ፈተናን የሚያካሂደው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለለማጆች የሚሰጠው ግምት ይታወቃል፦ ሰው በአማካይ 45 ሰዓት ከአሰልጣኝ ጋር፣ በተጨማሪም 22 ሰዓት ከሌላ ፈቃድ ካለው ሰው ጋር ይለማመዳል። አንድ ላይ 67 ሰዓት ነው። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት የሚነዳ ሰው ይህን ለመጨረስ ከሦስት ወር በላይ ይፈጅበታል። እንዲህም ሆኖ እዚያ ለተግባር ፈተና ከሚቀርበው ሰው ከግማሽ የሚበልጠው ይወድቃል። በሳምንት የሚያልቅ ኮርስ የለም አይደለም፤ አለ። ኮርሱ ግን ፈተናውን ቀላል አያደርገውም። የቴዎሪ ፈተናቸው ራሱ ሁለት ክፍል አለው፤ ሁለተኛው ቪዲዮ እያሳዩ «አደጋ ሊመጣ ነው» የምትልበትን ቅጽበት የሚለካ ነው። ጀርመኖች ደግሞ የባሱ ናቸው። ከመደበኛው ልምምድ ሌላ እያንዳንዳቸው 45 ደቂቃ የሆኑ 12 የግዴታ ጉዞዎች አሏቸው፦ 5 ከከተማ ውጭ፣ 4 በፈጣን መንገድ፣ 3 በጨለማ።

የጨለማውን ነገር ያዙልኝ።

በእኔ ልምድ እግር ቶሎ ይለምዳል። ፍሪሲዮን መርገጥ፣ ቀስ አድርጎ መልቀቅ፣ ነዳጅ መስጠት፣ ማርሽ መቀየር፣ ጎበዝ ሰው ይህን በጥቂት ሳምንት ይይዘዋል፤ እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ጠብ የለኝም። የሚዘገየው ዓይን ነው። አዲስ ሰልጣኝ የሚያየው ኮፈኑን፣ ሲብስ ደግሞ የማርሹን ዘንግ ነው። ከዚያ ከፊቱ ያለውን መኪና ማየት ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ ማየት ሲጀምር ነው መንዳት የሚባለው።

ከለገጣፎ ወደ አያት ስንመጣ የማስተምረውን ልንገራችሁ። ሚኒባስ ሊቆም ሲል ፍሬቻ አትጠብቁ፤ የረዳቱን እጅ እዩ። በሩ ላይ ያለው ጎረምሳ ወደ ውጭ ካጋደለ መኪናው ሊቆም ነው። መንገድ ዳር የቆመ ቪትዝ ካለ የፊት ጎማውን እዩ፤ ወደ አስፋልቱ ከዞረ ሾፌሩ ሳያያችሁ ሊወጣ ይችላል። አይሱዙ ከቆመ ደግሞ በሥሩ አሳልፋችሁ ተመልከቱ። ከወዲያ በኩል እግር ከታየ ሰው ሊሻገር ነው፤ ትንሽ እግር ከሆነ ፍሬን ላይ ውጡ። አህያ ብቻዋን ስትሻገር ካያችሁ ከኋላዋ ሌላ አህያ አለ፤ ከሁለተኛዋ ኋላ ደግሞ የሚነዳት ልጅ አለ፤ ልጁ የሚያየው አህዮቹን ነው እንጂ እናንተን አይደለም። ባጃጅ... ስለ ባጃጅ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ይህ ሁሉ በወር አይያዝም፤ በወር ውስጥ አንድ የአየር ጠባይ ብቻ ነዋ ያለው። ጥር ላይ የለመደ ሰው ነሐሴን አያውቃትም። መስተዋቱ ከውስጥ በእንፋሎት ሲሸፈን የቱን ቁልፍ እንደሚነካ፣ ውኃ ያቆረ ጉድጓድ ጥልቀቱ እንደማይታወቅ፣ ጭቃ ከጎማ ጋር ወጥቶ አስፋልቱን እንደሚያንሸራትት የሚያውቀው በክረምት የነዳ ሰው ነው። ጨለማንም እንዲሁ። እኛ የምናሰለጥነው በቀን ነው። መብራት በሌለው የዳር መንገድ ላይ ከፊት የሚመጣ ሲኖትራክ ረጅም መብራቱን ሲለቅባችሁ ዓይናችሁን ወደ መንገዱ ቀኝ ጠርዝ ማዞር እንዳለባችሁ የነገራችሁ ማነው? ለሰልጣኞቼ በቃል እነግራቸዋለሁ። በተግባር ግን አላሳየኋቸውም፤ ሰዓቱ አይፈቅድም።

ቴዎሪው ሽምደዳ ነው ለተባለው፣ ግማሹን እቀበላለሁ። በቴሌግራም የሚዞረውን ጥያቄና መልስ «ሐ፣ ለ፣ ሀ፣ ሐ» እያለ በፊደሉ የሚያጠና አለ። ኮምፒውተሩ ላይ ያልፋል። አደባባይ ውስጥ ቅድሚያ ያለው ማነው ሲባልም ውስጥ ያለው ብሎ በትክክል ይመልሳል። በሳምንቱ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወስጄው ግራውን ሳያይ ዘው ይላል። «ምነው?» ስለው «ያቆምልኛል ብዬ» ነው መልሱ። ከዚህ ተነሥተው ጸሐፊው ቴዎሪውን ቶሎ ተገላገሉት ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ከዚሁ ተነሥቼ ቴዎሪውን መንገድ ላይ አውጡት እላለሁ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። ይህን ቁጥር በክፍል የጻፈ ሁሉ ይረሳዋል። እኔ መኪናዋን አስቁሜ ሰልጣኙን 17 ሜትር በእግር አስለካዋለሁ። «ስልክህን አንድ ሰከንድ ብቻ ካየህ ይህን ሁሉ ዓይንህን ጨፍነህ ሄድክ» ስለው ፊቱ ይለወጣል። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው እግረኛ ነው፤ ያቺ 17 ሜትር ደግሞ ከዜብራ ወርድ በብዙ ትበልጣለች።

አሁን ወደ ኮንዶሚኒየሙ። ጸሐፊው የካ አባዶንና ኮዬ ፈጬን ጠቅሰው «መንገዱ ሰፊ፣ መኪናው ጥቂት» ይላሉ። እሑድ ጠዋት እውነት ነው። ግን በመጀመሪያ ነገሩ ሕግ መጣስ ነው፤ ፈቃድ የሌለው ሰው በግል መኪና መሪ ጨብጦ አንድ ሕፃን ቢገጭ፣ ፖሊስ ፊትና መድን ድርጅት ፊት ሄዶ ምን እንደሚል እስቲ ይንገሩን። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ግዴታ የሆነው ለጌጥ አይደለም። መንገዱ ከመኪና ባዶ ነው እንጂ ከልጅ ባዶ አይደለም፤ የብሎኩ ልጆች ሜዳ ያ አስፋልት ነው።

ይህን ሁሉ ብንተወው እንኳ፣ አጎት የሚያስተምረው የራሱን አመል ነው። ከዘመድ ተምሮ የመጣ ሰልጣኝ በሩን ዘግቶ ሲቀመጥ አውቀዋለሁ። ስፖኪዮውን ሳያስተካክል ሞተር ያስነሣል። አንድ እጁ ማርሹ ላይ ያርፋል። ግራ እግሩን ከፍሪሲዮን አያነሣም፤ ዲስኩ እየተበላ መሆኑን አጎቱ አልነገረውም፣ መኪናው የአጎቱ ቢሆንም። ከሁሉ የከፋው ግን ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ዜሮ ማድረግ፣ ማለትም መኪናውን ከማርሽ አውጥቶ መልቀቅ ነው። ይህ ትምህርት ከአባት ለልጅ ሲወርድ የኖረ ነው፤ ብዙ ቤት ውስጥ እንደ ብልሃት ይነገራል። ከሱሉልታ ተነሥቶ በእንጦጦ ጫፍ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ዜሮ ሲደረግ መኪናውን የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ ነው። ፍሬኑ በየኩርባው ሲረገጥ ይግላል፤ በጣም ሲግል መያዙን ይተዋል። በሁለተኛ ማርሽ ብትወርዱ ሞተሩ ራሱ ይይዛችኋል፤ ነዳጁም ቢሆን በማርሽ እየወረዳችሁ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ስታነሡ፣ በዘመናዊ ሞተር ላይ ወደ ሲሊንደሩ መግባቱ ይቋረጣል። ተቆጠበ የተባለው ያው ተቆጥቧል ማለት ነው። ይህን አመል ለማስተው የሚፈጀው ጊዜ ባዶውን የመጣ ሰው ለማስተማር ከሚፈጀው ይበልጣል። ጸሐፊው ሰዓት ይቀንሳል ያሉት ነገር በእኔ በኩል ሰዓት ይጨምራል።

ፈታኝ ይጥላል ለሚለው፣ ፈተና ቀን አጥር ዳር ቆሜ የማየውን እጽፋለሁ። መኪናው ዳገቱ ላይ ይቆማል። በልምምድ ቀን እየሣቀ የሚያስነሣው ልጅ አሁን ግራ እግሩ እንደ ስፌት መኪና ይንቀጠቀጣል። እግሩ ስለሚንቀጠቀጥ ፍሪሲዮኑን ባንድ ጊዜ ይለቀዋል፤ ሞተሩ ይጠፋል። ይደነግጣል። ሲደነግጥ የእጅ ፍሬኑን ቀድሞ ያወርድና መኪናው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ፈታኙ እስካሁን አንድ ቃል አልተናገረም። ልጁ ወርዶ ሲመጣ «ጋሼ፣ ጣለኝ እኮ» ይለኛል። ማን?

ከዳገቱ ሌላ ሰው የሚጥለው ትንንሽ ነገር ነው። ቀበቶ ሳያስሩ መነሣት፣ ኋላ ማርሽ አስገብቶ በአንድ ስፖኪዮ ብቻ ማየት፣ ፍሬቻ አብርቶ መርሳት። ለዳገቱ የምመክረው አጭር ነው፦ የእጅ ፍሬኑን ይዛችሁ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያላችሁ ልቀቁ፤ የሞተሩ ድምፅ ወፈር ሲልና አፍንጫው ትንሽ ቀና ሲል እግራችሁን እዚያው አቁሙ። ከዚያ በኋላ ብቻ ነዳጅ ጨምሩ፣ የእጅ ፍሬኑን አውርዱ። የጎማ ጫማ ወይም ስስ ሶል ያለው አድርጉ፤ በአዲስ ጫማ ፈተና የሚመጣ ሰው ሳይ ልቤ ይወድቃል።

ደላላ የለም አልልም። የለም ብዬ ብጽፍ የሚያምነኝ የለም። «ከከተማ ወጣ ብሎ» የሚለውም ምክር በአብዛኛው ወደዚያው የሚወስድ ነው። የትም የወጣ ፈቃድ በመላ አገሪቱ ይሠራል፤ በቅርባችሁ ባለ ከተማ መማር ነውር የለውም፣ እዚያም ደኅና አሰልጣኝ ሞልቷል። የጸሐፊው ሐሳብ ግን እዚያ ይሻላል የሚል አይደለም፤ ሳትማሩ ታገኛላችሁ ነው። እንዲህ ያገኙት ሰዎች የት እንደሚሄዱ እሳቸው አያውቁም፣ እኔ አውቃለሁ። ሥራ ስጨርስ፣ ሲመሻሽ ይደውሉልኛል። «ወንድሜ፣ በግል ብታለማምደኝ፤ ለሰው እንዳይነገር ብቻ» ይላሉ። ፈቃዱ ኪሳቸው ውስጥ ነው። ሁለት ጊዜ ከፍለው፣ በሁለተኛው ነው የሚማሩት። ወሩም ያን ጊዜ ገና መቆጠር ይጀምራል።

ሴቶች ላይ ሁለት ሳምንት የተጨመረው በምን ሂሳብ እንደሆነ አልተጻፈም። ከወንዶች የሚለዩበት ነገር ካለ፣ እኔ ያየሁት መጠየቃቸውን ነው። ጣፎ ገበያ እህል የምትነግድ አንዲት እናት ነበረችኝ። «እትዬ፣ ሦስተኛ ያስገቡ» ስላት «ለምን ሁለተኛ ላይ አልቆይም? ምን ይጎዳል?» ትለኛለች። ካልገባት አታስገባም። ሥራዋን ለልጅ እየጣለች ስለምትመጣ ቀናቷ ተራርቀው ነበር፤ ስለዚህ ረጅም ጊዜ ወስዶባታል። በመጀመሪያው ፈተና አለፈች። ጎረምሶቹ ግን «አውቄዋለሁ» ብለው ነው የሚጀምሩት።

የኤሌክትሪኩ ነጥብ ከሁሉም የተሻለው ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ መንገዱ ላይ ቢዋይዲው፣ አይዲ ፎሩ፣ የኤሌክትሪክ መኪናው ሁሉ በዝቷል፤ ፍሪሲዮን የላቸውም። ታዲያ ፍሪሲዮን ለምን? አንደኛው መልስ ሥራ ነው። ሰልጣኞቼ ከፊሉ መኪና የሚማሩት የቤት መኪና ገዝተው አይደለም፤ ነገ አይሱዙ ወይም ሚኒባስ ሊይዙ ነው፣ እነዚያ ደግሞ ማኑዋል ናቸው። ሁለተኛው ግን ጸሐፊውን ሳያሳስባቸው አይቀርም ብዬ የጠበቅሁት ነበር፤ የኤሌክትሪክ መኪና ጊዜ የሚያሳጥረው ለእግር ነው፤ ዓይንን ይልቁንም ያስቸግራል። ሲረገጥ ያለ ምንም ድምፅና ማመንታት ይፈተለካል። በማኑዋል የተሳሳተ ለማጅ ሞተሩ ይጠፋበታል፤ መኪናው ራሱ ያስተምረዋል። በኤሌክትሪክ የተሳሳተ ለማጅ ግን ፍሬን መስሎት ነዳጅ መስጫውን (ነዳጅ ባይኖርም ሁሉም የሚጠራው እንዲያ ነው) ሲረግጥ አጥር ውስጥ ነው። እግረኛውም መኪና ሲመጣ በጆሮ የመስማት ልማድ አለው፤ በዝግታ ሲሄድ ይህ መኪና እምብዛም አይሰማም። ስለዚህ በኤሌክትሪክ የምትማሩ ከሆነ ግራ እግራችሁን ወደ ግራ ሰብስባችሁ አሳርፉት፣ ሁለቱንም መርገጫ በቀኝ እግር ብቻ ያዙ፣ ተረከዛችሁን ፍሬኑ ፊት ተክላችሁ ወደ ቀኝ አዘንብሉ እንጂ እግራችሁን አታንሡ። የዳገቱን ሰዓት አተረፍን ብላችሁ ግን ከመንገዱ ሰዓት አትቀንሱ።

የቀረው አዳማ ነው። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሣው የአዲስ አዳማ ፍጥነት መንገድ ከተከፈተ ጀምሮ ጉዞው ቀሏል፤ ባጃጅ የለ፣ ጋሪ የለ፣ የሚሻገር ሰው የለ። ጸሐፊው ለጀማሪ ይመቻል ያሉት ለዚህ ይመስለኛል። ነገር ግን በወር የወጣ ሰልጣኝ አራተኛ ማርሽ ያስገባው ስንቴ ነው? በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ያልፋል፤ ያ የለካው 17 ሜትር እዚህ አይሠራም። አምስት ሰው የጫነ መኪና ፍሬኑም ባዶ ሆኖ እንደለመደው አይይዝም፤ የኋላው መስተዋት በሻንጣ ተሸፍኗል፤ ሕፃኑ ያለቅሳል፤ እናት «ቀስ በል» ትላለች፤ ጎማ ቢተነፍስስ? ደንግጦ ፍሬን የሚይዝ ነው የሚገለበጠው፤ መሪውን ቀጥ አድርጎ ጨብጦ፣ እግሩን ከነዳጅ አንሥቶ፣ ፍጥነቱ በራሱ ሲቀንስ ዳር መያዝ እንዳለበት የሚነግረው ሰው አጠገቡ የለም።

ፈቃዱ በወጣ ሳምንት የሚሄዱበት ካስፈለገ እሑድ በማለዳ ሰንዳፋ ደርሳችሁ ተመለሱ፤ አጠገባችሁ ብዙ ዓመት የነዳ አንድ ሰው ብቻ ተቀምጦ፣ ሬዲዮ ሳይከፈት፣ የሰው ትርምስ ሳይጀምር። በሚቀጥለው ሳምንት በከሰዓት ሂዱ። ከዚያ ሲመሽ። ዝናብ ሲመጣ አትፍሩት፣ ያንኑ የምታውቁትን መንገድ በዝግታ ሂዱበት። እስከዚያ ድረስ ለቤተሰቡ አዳማ መሄድ የግድ ከሆነ ቃሊቲ መናኸሪያ መኪና አይጠፋም።